ካምቢዮ ታቅፌ ሽማግሌ የተቀበልኩበት እሁድ

ሰው ከሙያው ውጪ ሲገባ መጀመሪያ የሚያጣው ልብሱን ነው፣ ቀጥሎ ክብሩን ነው ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት። ለማንኛውም እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ጠይቁኝ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። የመኪና ሆድ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ካርታ ይዞ የገባ ሰውም ይጠፋል። እኔ ደግሞ ካርታ ይዤ ነበር የገባሁት።

ያኔ የምንኖረው ገርጂ ነበር። አዲስ አበባ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ የምትነፋበት ዘመን ነው። ጠዋት ሲወጡ ባዶ ሜዳ የነበረው ቦታ ማታ ሲመለሱ አሸዋና ብሎኬት ተከምሮበት፣ በሳምንቱ ደግሞ ፎቅ ሆኖ ይጠብቃል። መንገዱ ዛሬ ለውሃ ይቆፈራል፣ ተደፍኖ ሳይደርቅ ነገ ለስልክ ይቆፈራል። ሁሉም ሰው ወይ ቤት ይሠራል ወይ መኪና ይገዛል። እኔ ቤቱ ስላልሆነልኝ መኪናውን ገዛሁ። በዕድሜ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ የምታንስ፣ "ነጭ ነበረች" የምትባል መኪና። እኔና እሷ ስንተያይ የዕድሜ እኩዮች ስለሆንን የምንግባባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ሲኤምሲ ከሚገኘው ትምህርት ቤቴ ስመለስ መገናኛ አጠገብ ዳገቱ ላይ ጉድ ሠራችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች። ልክ እንደ መምህራን ስብሰባ፤ ድምፅ አለ፣ ጉዞ የለም። አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣

"ፋዘር፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በነዳጅ አታሳብዳት" አለኝ።

እየተገፋሁና እየተጎተትኩ ገርጂ ደረስኩ። በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ ጠየቅሁ። የጋራዡ ጌታ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ካምቢዮው ይወርዳል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይቀየራል፣ ካምቢዮው ተመልሶ ይታሰራል። ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው" አለኝ።

ሦስት ሳምንት የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ ስመዝነው ሦስት ግስ ሆኖ አገኘሁት፦ ይወርዳል፣ ይቀየራል፣ ይታሰራል። ሦስት ግስ ለተማረ ሰው ምኑ ያቅታል ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ ሰው የሚጠፋው እንዲህ እያሰበ ነው።

ቦሌ ከሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አሮጌ መኪና ላይ ካምቢዮ የሚባለው የማርሽ ሳጥን እንዴት እንደሚወርድ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከነሥዕሉ አሳተምኩ። የመጀመሪያው ምክር "ይህን ሥራ ብቻዎን አይሥሩ፣ ረዳት ይኑርዎት" ይላል። ይህን የጻፈው ፈረንጅ ነው፣ ፈረንጅ ደግሞ አምፖል ለመቀየርም ጓደኛ ይጠራል ብዬ አለፍኩት፤ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ትዕግሥት ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ስትሰጥ ሰው ሳይጠይቃት የጎንዮሽ ጉዳቱን ትናገራለች፤ ትዳራችንንም የያዘችው በዚሁ መንገድ ነው። ወረቀቶቹን ስታይ፣

"ባለፈው የሻወሩን ቧንቧ አጠብቃለሁ ብለህ ጎረቤት በታንኳ ልንጠይቅ ነበር" አለችኝ።

"ያ ውሃ ነው፣ ይሄ ብረት ነው።"

"ውሃው አልገደለንም። ብረቱን እንጃ።"

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የተከራየነው ቤት ከግቢው በር እንደተገባ በስተግራ የምትገኝ ሰርቪስ ናት። ከእሷ ፊት ለፊት ወደ ዋናው ቤት የሚወስድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በግቢው ውስጥ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደልዳላ መሬት እሱ ብቻ ስለሆነ መኪናዋን ማንሳት የምችለው እዚያ ነው። እዚያ ከቆመች ግን ሰው የሚያልፈው ሆዱን ውጦ፣ በጎኑ ነው።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ነገራ ናቸው። ገርጂ ገርጂ ሳትሆን፣ አባታቸው ጤፍ ያበቅሉበት ከነበረው መሬት ላይ የተወለዱ ሰው። አንዳንዴ አስፋልት ዳር ቆመው፣ "እዚህ ጋ ነበር አውድማችን" ብለው ያሳዩኛል፤ የሚያሳዩኝ የታክሲ ፌርማታ ነው። መሬቱ በየአቅጣጫው ሲሄድ ዝም ብለው አይተውታል። አንድ የማይለቁት ነገር ቢኖር አንዲት ልጃቸውን ለሊሴን ነው። ከአንድ ወር በፊት ለእሷ ሽማግሌ መጥቶ "ልጁን አላውቀውም፣ ላስብበት" ብለው መልሰውታል። ያው ሽማግሌ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው በዚሁ እሁድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ጋሽ ነገራን መተላለፊያውን ሳስፈቅዳቸው ብዙ አላወሩም።

"እስከ ቅዳሜ ማታ" አሉኝ።

"ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየነዳሁ እወጣለሁ" አልኳቸው።

ለሊሴ ግን ከኋላዬ ተከትላ ሰርቪሳችን በር ላይ ያዘችኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ሲጨንቃት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

"መምህር፣ አባዬ እኮ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አጥተው ነው የተጨነቁት። መኪናህን ምክንያት አታድርግብኝ፣ ማሎ" አለችኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ እሷ ግን ስትለው ከእባክህ ይከብዳል።

"በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት። በእኔም ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ትዕግሥት እየተመለከተችኝ መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ከጎረቤት ግንባታ የተለመኑ አራት ወፋፍራም የግንድ ጉማጆች ላይ አሳረፍኳት። ይሄ ብቻ በትክክል የሠራሁት ነገር ነው፤ ዛሬ የምተርክላችሁም በእነዚያ ጉማጆች ቸርነት ነው። ከውስጥ የማርሽ እጀታውን ነቀልኩ። ከዚያ ከሥር ገብቼ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ብረት ፈታሁና ሳብኩት። ወረቀቱ ከዚህ በፊት "ዘይቱን ያፍስሱ" የሚል መስመር ነበረው። ያን መስመር ያነበብኩት ዘይቱ ፊቴ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

የካምቢዮ ዘይት ሸቶት የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነው። የበሰበሰ እንቁላልና የተቃጠለ ጎማ ተጋብተው የወለዱት ሽታ ነው። ትዕግሥት ፎጣ ይዛ መጣች፣ አየችኝ፣ ፎጣውን መልሳ ይዛ ሄደች፤ ጥሩ ፎጣ ነበር። ጋዜጣ ይዛ ተመልሳ መጣች።

ከምሳ በኋላ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙትን ብሎኖች ተያያዝኩ። ሁሉም በልመናም በስድብም ተፈቱ፤ አንዱ ብቻ፣ ከላይ በኩል እጅ የማይደርስበት ሥፍራ የተወሸቀው፣ እምቢ አለ። በቀኝ እጄ ሞከርኩ፣ በግራዬ ሞከርኩ፣ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሜ ሞከርኩ። ትዕግሥት ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ "ፋርማሲው ቅርብ ነው" እያለች ታልፋለች። ጨለመ። ጋሽ ነገራ ከራታቸው በፊት ብቅ ብለው መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩና ገቡ።

እሁድ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ። ትዕግሥት የጋሽ ነገራን ባለቤት እትዬ ብርቄን ልታግዝ ወደ ዋናው ቤት ወጥ ቤት ገባች። እኔ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። አንዷን ብሎን ፈትቼ፣ ካምቢዮውን አውርጄ፣ ቢያንስ መኪናዋን ገፍተን ከበር እናስወጣለን ብዬ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል። እግሬን በግድግዳው በኩል ዘርግቼ፣ ቁልፉን አጥልቄ፣ ያለኝን ኃይል ሁሉ ሰጠሁት። ብሎኗ "ቀጭ" አለችና ዞረች። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

ደስታው የቆየው ብሎኗን እስክነቅል ነው። ለካ ያን ሁሉ ብረት ይዛው የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ካምቢዮው ወደ ኋላ ሸርተት አለ፣ ትንሽ አሰበበት፣ ከዚያም በእርጋታ መጥቶ ደረቴ ላይ ተኛ።

አቀፍኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? አንድ ሙሉ በግ ያህላል፣ ግን በግ ሲያቅፉት ይሞቃል። ብለቀው ወደ አገጬ ይንሸራተታል፣ ወደ ጎን ላንከባልለው ብል ክንዴ ተይዟል። መተንፈስ እችላለሁ፤ ግን በቁጠባ። ትዕግሥትን ልጣራ አፌን ስከፍት የግቢው በር ተንኳኳ።

ከተኛሁበት የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው። መጀመሪያ የገባው ያረጀ ግን እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበር፤ በኋላ እንዳወቅሁት የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የጋሽ ዘለቀ ነው። ከኋላው በካልሲ የተለበሰ ሰንደል ጫማ ተከተለ፤ የቄሱ። ሦስተኛው ሹል አፍንጫ ያለው የቢሮ ኃላፊ ጫማ ነው፤ የልጁ አጎት። ከውስጥ ደግሞ የጋሽ ነገራ ቡትስ መጣ።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" አሉ ጋሽ ነገራ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህች የተከራዬ መኪና ናት። እሱም ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ አልቀረም። አንድ አንድ እያላችሁ በጎን እለፉ።"

"አናልፍም" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "የመጣንበትን ሳንናገር ደጅ አንገባም። ወጉ ነው።"

እናም እዚያው፣ ከእኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ቆመው ጀመሩ።

ለምን አልጮህክም ትሉኝ ይሆናል። ለሊሴን አሰብኩ። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ከመኪና ሥር በዘይት የተጨማለቀ ሰው ቢወጣ፣ ምክንያት የሚፈልጉት ጋሽ ነገራ "ቀኑ አልቀናም" ይሉና ነገሩ ያበቃል። አምስት ደቂቃ ብታገስ ተናግረው ይገባሉ፣ ያኔ እጣራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይህ ውሳኔ የጋሽ ዘለቀን የንግግር ችሎታ ያላገናዘበ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ከዝናቡ ተነሱ። ስለ ዘንድሮው እህል አመሰገኑ። ስለ አገር ሰላም ጸለዩ። ከዚያ የልጁን የዘር ሐረግ ከአባቱ ጀምረው ወደ ላይ መቁጠር ያዙ። ሦስተኛው ቅድመ አያት ላይ ግራ እጄ ደነዘዘ። አምስተኛው ላይ፣ ታላቅ አዳኝ ነበሩ የተባሉት፣ የቀረው የዘይት ጠብታ ጆሮዬ ውስጥ መግባት ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ከእሳቸው ጋር ቶሎ የምገናኝ መስሎኝ ነበር።

"እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ልጅዎን ለሊሴን ለልጃችን ለዳዊት እንዲሰጡን ነው የመጣነው።"

የጋሽ ነገራ ቡትስ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞረ።

"አመጣጣችሁ ጥሩ ነው፣ አከበራችሁኝ" አሉ። "ግን ያለችኝ እሷ ናት። መሬቱም ሄደ፣ ከብቱም ሄደ፣ አሁን ቤት ስገባ የምትጠራኝ እሷ ናት። እስቲ ሁለት ሳምንት ስጡኝ።"

"ጋሽ ነገራ፣ ሁለት ሳምንት አልችልም" የሚል ድምፅ ከመሬት ተሰማ።

ምላሴን ብቆርጠው እመርጥ ነበር፤ ግን ወጥቷል።

"በስመ አብ" አሉ ቄሱ፣ ሰንደሉም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"ማነው?" አሉ ጋሽ ነገራ።

"እኔ ነኝ። መምህሩ።"

"የት ነህ?"

"ከመኪናው ሥር።"

"ምን ታደርጋለህ?"

"ካምቢዮ ታቅፌያለሁ።"

"ለምን?"



ጋሽ ዘለቀ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ነጭ ሪዝ ያለው ፊት ተዘቅዝቆ አየኝ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የነዱ ሾፌር ኖረዋል፤ የሚያዩትን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"መቼ ነው የወረደብህ?"

"እናንተ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት።"

"ታዲያ እስከ አሁን ምን ዝም አሰኘህ?"

"እስክትጨርሱ ብዬ ነው።"

"ጨዋ ሰው ነህ" አሉኝ። ትንሽ አስበው ደግሞ፣ "ጅልም ነህ" አሉኝ።

አሁን ማን ይግባ የሚለው መጣ። መግቢያው ጠባብ ነው። ጋሽ ነገራን ሆዳቸው አያሳልፋቸውም፣ አጎትየው ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ቄሱ ከነካባቸው ናቸው፣ ጋሽ ዘለቀ ሰባ አልፏቸዋል። አጎትየው ስልካቸውን አወጡ።

"ዳዊት፣ ቶሎ ና" ሲሉ ሰማሁ። "የለም፣ መልስ አልተሰጠንም። ሰው መኪና ሥር ሆኖብን ነው... የለም፣ እኛ አልገጨነውም።"

ለካ ልጁ አላስችል ብሎት አስፋልቱ ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል። ወጉ በሽምግልና ቀን እዚያ አካባቢ እንዲታይ አይፈቅድለትም። እየሮጠ ገባ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ቀይ ከረባት አስሯል። ጋሽ ነገራን በዓይኑ እንኳ ሳያይ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተኛና እየተሳበ አጠገቤ ደረሰ። ፊት ለፊት ተያየን።

"ዳዊት እባላለሁ" አለኝ።

"ደስ ብሎኛል። እጅ መስጠት ስላልቻልኩ ይቅርታ።"

"ችግር የለም። ስለ መኪና ግን ምንም አላውቅም፣ ባንክ ነው የምሠራው።"

"እኔም አላውቅም" አልኩት። እዚያው ላይ ወዳጅነታችን ተጀመረ።

ጋሽ ዘለቀ ኮታቸውን አውልቀው ለቄሱ ሰጡና መሬት ላይ ተንበርክከው ያዝዙን ጀመር። "ግራው ያንሳ፣ ቀኙ ይጠብቅ። ከረባቱን አውጣው፣ ያንቅሃል። አሁን፣ በአንድ ላይ።" ዳዊት ክንዱን ከሥር አስገብቶ ታቀፈው። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም አቅፈነው ቆየን፤ እንዲህ ያለ ውድ ልጅ ሆኖ የሚያውቅ ካምቢዮ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ተንከባለለ፣ የያዘውን የመጨረሻ ዘይት በሙሉ ግራጫው ሱፍ ላይ ደፍቶ፣ ባነጠፍኩት ማዳበሪያ ላይ ዱብ አለ። የገርጂን አየር አንድ ጊዜ ሳብኩት።

ስንወጣ ትዕግሥትና ለሊሴ ጫጫታውን ሰምተው ደርሰዋል። ለሊሴ በዚያ ሰዓት መታየት አልነበረባትም። ዳዊትን አየችው፤ ግማሽ ፊቱ ጥቁር፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ አልቻለችም፣ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዳዊትም ሳቀ። ትዕግሥት በበኩሏ ደረቴን በጣቷ እየነካች "እዚህ ጋ ያምሃል? እዚህ ጋስ?" ትለኛለች።

ጋሽ ነገራ ልጃቸውን ስትስቅ ቆመው አዩ። ከዚያ ዳዊትን ከራሱ እስከ ጫማው ተመለከቱት።

"በዚህ ልብስ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ሰው ምን ይለኛል" አሉ። "ግቡ።"

"ይቅርታ፣ ግቡ ማለትዎ እሺ ማለት ነው?" አሉ አጎትየው፤ የቢሮ ሰው ስለሆኑ በግልጽ እንዲቀመጥላቸው ይፈልጋሉ።

"ሱሪዬን ለብሶ ገበታዬ ላይ ሊቀመጥ ነው። ሌላ ምን ልበልህ" አሉ ጋሽ ነገራ። ከወጥ ቤት የእትዬ ብርቄ እልልታ ተሰማ።

ሁሉም ገባ፣ ከጋሽ ዘለቀ በቀር። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ያለቀውን የፍሪሲዮን ሸራ እያገላበጡ ነበር። "ይሄን አይቼማ እህል አይወርድልኝም" አሉ። ጥቂት ቆይቶ እሳቸውን ፍለጋ አጎትየው ወጡና ባትሪ ያዥ ሆነው ቀሩ። ቀጥሎ ቄሱ ወጡ፤ ብሎኖቹን በየመጠናቸው ለይተው ጨርቅ ላይ ደረደሩልን። ዳዊት በጋሽ ነገራ ሰፊ ሱሪ ወገቡን በገመድ አስሮ መጣ። እትዬ ብርቄ በየጊዜው በር ላይ ብቅ እያሉ ዶሮው መቀዝቀዙን ያስታውቃሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መኪናዋ በራሷ ሞተር ከበር ወጣች። አንድ ብሎን ተርፎ ነበር። ጋሽ ዘለቀ አንስተው ኪሳቸው ከተቱትና፣ "በአሰብ መንገድ ስንቱ ተርፎ ደርሰናል" አሉ።

ሠርጉ ተበላ፣ ተጨፈረ። ልጆቹ ሲኤምሲ አካባቢ ቤት ተከራይተው ገቡ። ዓመት አልፎ አንድ ቅዳሜ ለሊሴ ደወለችልኝ።

"መምህር፣ ተጣልተናል። ሽማግሌ ስለምፈልግ ና።"

"ጋሽ ዘለቀን አትጠሪም?"

"አገር ቤት ሄደዋል። ቄሱ ሱባዔ ገብተዋል። አጎቱ ለእሱ ያደላሉ። በሽምግልናው ላይ ከተናገሩት የቀረኸው አንተ ነህ።"

ተናግሬያለሁና የምክደው ነገር አልነበረም። ኮት ለብሼ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም፤ አዲስ የተገዛ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተበታትኖ፣ ምንጣፉ ላይ ተሰጥቷል። ዳዊት መሐሉ ላይ ቱታ ለብሶ ተቀምጧል።

"ትንሽ ድምፅ አሰማ ብሎ ፈታው" አለች ለሊሴ። "አንድ ወር በእጄ ላጥብ? ባለሙያ ይምጣ ስለው ራሴ እገጥመዋለሁ ይለኛል።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሥራ ለባለሙያው መሰጠት እንዳለበት፣ ትዳር ከማሽን እንደሚበልጥ፣ ወንድ ልጅ አላውቅም ማለት ክብሩ እንደሆነ በሰፊው ተናገርኩ። የዘር ሐረግ ብቻ ነው የቀረኝ። ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ ሰኞ ባለሙያ እንደሚጠራ ቃል ገባ፣ ሚስቱን ይቅርታ ጠየቀ። ለሊሴ ደስ ብሏት ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ገባች።

ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"መምህር፣ ሌላው እኮ ቀላል ነው። ከኋላ በኩል አንዲት ብሎን ብቻ እምቢ ብላኝ ነው።"

ሽማግሌ ነኝና በዓይኔ ገሠጽኩት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየሁ። ውሃው ገና አልፈላም።

"በስንት ቁልፍ ነው የሞከርካት?" አልኩት፣ ኮቴን እያወለቅሁ።